አሥር ሺህ ቀስተኞች

የማራቶንን ስም ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ያለ አይመስለኝም። አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በጳጉሜ ወር፣ በሮም ጎዳና በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ወዲህ ቃሉ እንደ አገር ልጅ ሆኖ አብሮን ይኖራል። እኔም በልጅነቴ ማራቶን ማለት አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከምናምን ከመሮጥ በቀር ሌላ ትርጉም ያለው አይመስለኝም ነበር። ከአቴና በስተሰሜን ምሥራቅ በባሕር ዳር የተዘረጋ ሜዳ ስም መሆኑን፣ በዚያም ሜዳ ላይ በ490 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ የአቴና ሰዎች የፋርስን ጦር ድል ማድረጋቸውን ያወቅሁት ኋላ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የጥንት ዓመታት ሁሉ ቅድመ ልደተ ክርስቶስ፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቁጥሩ እያነሰ ሲሄድ ዘመኑ ወደ እኛ እየቀረበ ይመጣል።)

ድሉን ሊያበሥር ወደ አቴና ሮጦ፣ ቃሉን ተናግሮ ወዲያው ወድቆ ሞተ የሚባለውን መልእክተኛ ግን የታሪክ አባት የሚሉት ሄሮዶቱስ አያውቀውም። እርሱን የፈጠሩልን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ዘግይተው የመጡ ጸሐፊዎች ናቸው። ሄሮዶቱስ የሚያውቀው ከውጊያው በፊት እርዳታ ሊጠይቅ ወደ ስፓርታ የሮጠውን ፊሊጲዴስን ነው። ሰውየው ከሁለት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን መንገድ ሮጦ በማግሥቱ ስፓርታ ደረሰ፤ ስፓርታውያንም ጨረቃ ሙሉ ሳትሆን መዝመት ሕጋችን አይፈቅድም ብለው መለሱት። እንግዲህ የመጀመሪያው የማራቶን ሩጫ የእርዳታ ልመና ሩጫ ነበር ማለት ነው። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልኝ፤ ከዚህ በኋላ ሌሎች ብዙ እርዳታ ጠያቂዎች ይመጣሉና።

ስለ ግሪኮችና ስለ ፋርሶች ጦርነት የሚነገረን ተረክ ቅርጹ የታወቀ ነው። ትንንሽና ነፃ የሆኑ ከተሞች በአንድ ወገን፣ ከሕንድ ድንበር እስከ ግብፅ የሚገዛ ንጉሠ ነገሥት በሌላ ወገን ይቆማሉ፤ ማራቶን፣ ቴርሞፒሌ፣ ሳላሚስ፣ ፕላታያ ተራ በተራ ይቆጠራሉ፤ ነፃነት ያሸንፋል፤ መጽሐፉ ይዘጋል። እኔም ይህን ተረክ እወደው ነበር። ክፉ ልማድ ሆኖብኝ ግን መጽሐፍ ከተዘጋ በኋላ የሚሆነውን ማወቅ እፈልጋለሁ። ከሄሮዶቱስ ቀጥሎ ቱሲዲደስን፣ ከእርሱም ቀጥሎ ዜኖፎንን ባነበብኩ ጊዜ የገጠመኝ ታሪክ እንደ ጠበቅሁት አልነበረም። ከማራቶን ድል መቶ ዓመት ጥቂት እልፍ ሲል፣ የእነዚያው ጀግኖች የልጅ ልጆች በአንድ የፋርስ አገረ ገዥ ጥሪ ተሰብስበው፣ ከሩቅ የመጣ የንጉሥ ደብዳቤ ማኅተሙን እያዩ ሲያዳምጡና እሺ ብለው ሲሄዱ አገኘኋቸው። በጦር ያልተሸነፈ ሕዝብ በወረቀት የተረታው እንዴት ነው? ብዙ ጊዜ ያሰላሰልኩት ይህን ነው።

መጀመሪያ ግን ከማራቶን ጥቂት ወደ ኋላ እንመለስ። በ507 ገደማ አቴና አዲስ የሕዝብ አስተዳደር አቋቁማ፣ ከውስጧም የስፓርታን ጦር አስወጥታ፣ በቀሉን እየፈራች ተቀምጣ ነበር። በዚህ ጭንቀት መልእክተኞች ወደ ሰርዴስ ላከች። ሰርዴስ የቀድሞዋ የልድያ መናገሻ፣ በዚያን ጊዜ ደግሞ የፋርስ አገረ ገዥ መቀመጫ ናት። አገረ ገዥው አርታፈርነስ ሲያያቸው እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው፣ አገራቸውስ ወዴት ነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያም ለንጉሥ ዳርዮስ አፈርና ውሃ ከሰጣችሁ እረዳችኋለሁ፣ ካልሰጣችሁ ሂዱልኝ አላቸው። አፈርና ውሃ መስጠት በፋርሶች ዘንድ ምድራችንም ሕይወታችንም የአንተ ነው የማለት ምልክት ነበር። መልእክተኞቹ በራሳቸው ሥልጣን እሺ አሉ፤ አገራቸው ሲመለሱም ብርቱ ወቀሳ ደረሰባቸው። ሄሮዶቱስ ይህን በጥቂት መስመር ተናግሮ ያልፈዋል።

እኔ ግን በዚህ ቦታ ብዙ ቆሜአለሁ። አቴና ነገሩን ለመርሳት ፈለገች፤ ፋርስ ግን መዝገብ ያላት መንግሥት ናት። በ499 በታናሽ እስያ ዳርቻ የሚኖሩት ግሪኮች፣ ኢዮናውያን የሚባሉት፣ በዳርዮስ ላይ ሲያምጹ አቴና ሃያ መርከቦች ላከችላቸው፤ በ498ም ሰርዴስ ተቃጠለች። ዳርዮስ ያን ጊዜ ራት በቀረበ ቁጥር አቴናውያንን አትርሳ እያለ ሦስት ጊዜ የሚያስታውሰው አሽከር አቆመ ይባላል። በእኛ ዓይን አቴናውያን ለወንድሞቻቸው ነፃነት የተነሡ ሰዎች ናቸው። በዳርዮስ ዓይን ግን፣ እንደ እኔ ግምት፣ አፈርና ውሃ ሰጥተው ከገቡ በኋላ የከዱ ሎሌዎች ነበሩ። የፋርሶችን ወገን የሚናገር የታሪክ መጽሐፍ ስላልደረሰን ይህን ዓይን ብዙ ጊዜ እንዘነጋዋለን።

ወደ ታላቁ ዘመቻ ልለፍ። በ480 የዳርዮስ ልጅ ዘርክሲስ ራሱ ዘመተ። ሄሮዶቱስ የጦሩን ነገዶች አንድ በአንድ ሲዘረዝር ኢትዮጵያውያንንም ያነሣል፤ የነብርና የአንበሳ ቆዳ ለብሰው፣ ረጅም የዘንባባ ቀስት ይዘው፣ ወደ ጦርነት ሲገቡ ግማሽ አካላቸውን በነጭ፣ ግማሹን በቀይ ቀለም ቀብተው። በእርሱ ዘንድ ኢትዮጵያ ከግብፅ በስተደቡብ ያለው አገር ስም ስለሆነ ነገሩ ወደ ኩሽና ወደ ኑብያ ያመለክታል፤ የራሳችን ነው ብለን ልንሻማበት አይገባም። ይሁን እንጂ ያንን ገጽ ሳነብ ደረቴ ትንሽ መነፋቱን አልክድም፤ የተሸነፈው ጦር መሆኑን እያወቅሁም ጭምር።

ከዚህ ዘርፈ ብዙ ሠራዊት ይልቅ የገረመኝ ግን በዘርክሲስ ጦር ውስጥ የነበሩት ግሪኮች ብዛት ነው። ከስፓርታ ዙፋን የተባረረው ዴማራቱስ ከንጉሡ ጎን ሆኖ ይመክራል። ከዚያ በፊትም በማራቶን የፋርስን ጦር መርቶ ያመጣው ከአቴና የተባረረው አምባገነን ሂፒያስ ነበር። በሳላሚስ የኢዮናውያን መርከቦች ለንጉሡ ተዋጉ። በ479 በፕላታያ የቴብስ ሰዎች ከፋርሶች ጋር ተሰልፈው ከአቴናውያን ጋር ተጨፋጨፉ። ከድሉ በኋላ ግሪኮች በዴልፊ ባቆሙት የነሐስ የእባብ ዓምድ ላይ የተዋጊዎቹ ከተሞች ስም ተቀረጸ፤ ዓምዱ ዛሬም ራሱ ተቆርጦ በኢስታንቡል አደባባይ ቆሞ ይገኛል። የተጻፉት ስሞች ሠላሳ አንድ ናቸው። የግሪክ ከተሞች ግን በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። የቀሩት ወይ ከወዲያ ነበሩ፣ ወይ የሚያሸንፈውን ይጠብቁ ነበር።

ድል አድራጊዎቹስ? የፕላታያው አዛዥ ስፓርታዊው ፓውሳንያስ ከፋርስ ንጉሥ ጋር ተጻጽፏል ተብሎ ተከሰሰ፤ ወደ ቤተ መቅደስ ሸሽቶ ቢገባ በሩን ገንብተው በረሃብ ጨረሱት። የሳላሚስን ድል ያቀደው አቴናዊው ቴሚስቶክሊስ ደግሞ በገዛ ከተማው ድምፅ ተሰጥቶበት ተሰደደ፤ ኋላም ከሞት አምልጦ የደረሰው መርከቦቹን ባሰመጠበት በዘርክሲስ ልጅ፣ በአርጤክስስ ደጅ ነው። ይህ አርጤክስስ፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ነህምያ ጠጅ አሳላፊው የነበረው ንጉሥ ነው። ቴሚስቶክሊስ በአንድ ዓመት ውስጥ የፋርስን ቋንቋ ተማረ፤ ንጉሡም ሦስት ከተሞች ሰጠው፤ አንዷን ለእንጀራው፣ አንዷን ለወይን ጠጁ፣ አንዷን ለወጡ። ለእንጀራው የተሰጠችው ማግኔዥያ ብቻ በዓመት ሃምሳ መክሊት ታስገባ ነበር። ጠላቱን እንዲህ አድርጎ የሚቀበል መንግሥት ጦር ሜዳ ላይ ቢሸነፍ ምን ይጎድልበታል ብዬ ራሴን ጠይቄአለሁ።

አቴና ከድሉ በኋላ የባሕር ዳር ከተሞችን ሰብስባ ኅብረት አቋቋመች። ዓላማው ኢዮናውያንን ነፃ ማውጣትና ፋርስን መበቀል ነበር። መዋጮው ቀስ በቀስ ግብር ሆነ፤ ልውጣ ያለ ከተማ ቅጥሩ ፈረሰ፤ በ454 የኅብረቱ ግምጃ ቤት ከዴሎስ ደሴት ወደ አቴና ተዛወረ። በ416 የሜሎስ ደሴት ሰዎች ከማንም ሳንወግን እንኑር ቢሉ አቴናውያን ወንዶቹን ገድለው ሴቶቹንና ሕፃናቱን ለባርነት ሸጡ። በአክሮፖሊስ ኮረብታ ላይ ያሉትን ውብ ሕንጻዎች በሥዕል በማይበት ጊዜ ሁሉ ይህ ትዝ ይለኛል፤ ውበታቸውን ግን አልቀነሰብኝም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ስፓርታ በ431 በአቴና ላይ ስትነሣ ያነገበችው ቃል ያው ነፃነት ነበር፤ ግሪኮችን ከአቴና ቀንበር ማላቀቅ። ጦርነቱ ሃያ ሰባት ዓመት ፈጀ። አቴናን ለማሸነፍ መርከብ ያስፈልጋል፤ መርከብ ቀዛፊ ይፈልጋል፤ ቀዛፊ ደመወዝ ይፈልጋል። ስፓርታ ግን የብረት ገንዘብ የምትጠቀም፣ ግምጃ ቤቷ ባዶ የሆነ ከተማ ነበረች። ስለዚህ በ413 የአቴና ታላቅ ጦር በሲሲሊ ሲያልቅ ስፓርታ በማግሥቱ ፊቷን ወደ ሰርዴስ አዞረች። በ412 እና በ411 ሦስት ውሎች ተፈረሙ። የመጀመሪያው ውል የሚለው ንጉሡና አባቶቹ ይዘውት የነበረው ምድር ሁሉ የንጉሡ ይሁን ነው። ሊካስ የተባለ ስፓርታዊ ይህን አይቶ ተቆጣ፤ አባቶቹ የያዙት ከተባለማ ዘርክሲስ እስከ ቴብስ ደጃፍ ደርሶ ነበር፤ ነፃ እናወጣችኋለን ያልናቸውን ሕዝቦች ለፋርስ ልናስረክብ ነው ወይ አለ። ቃሉ ልብ ይነካል። ነገር ግን ይኸው ሊካስ ጥቂት ቆይቶ የሚሊጢን ሰዎች የፋርስን ወታደሮች ከከተማቸው ሲያስወጡ፣ ጦርነቱ በደኅና እስኪያልቅ ድረስ በልክ እየተገዛችሁ ታገሡ ብሎ ገሠጻቸው። ሚሊጢናውያን ከዚያ ወዲያ ይቅር አላሉትም፤ ታሞ በዚያው በሞተ ጊዜ ስፓርታውያን በፈለጉት ቦታ እንዳይቀበር ከለከሉ።

በዚያው ሰሞን አልኪቢያዴስ፣ ከአቴና ወደ ስፓርታ፣ ከስፓርታም ወደ ፋርስ የከዳው ያ መልከ መልካም ሰው፣ አገረ ገዥውን ቲሳፈርነስን አንድ ምክር መክሮት ነበር። ለአንዱም ቶሎ አታሸንፍለት፤ ደመወዛቸውን እያጓደልክ ሁለቱ ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያደክሙ ተዋቸው፤ የሚል። ፋርሶች ይህን ያወቁት ከግሪካዊ ነው ብዬ አላምንም፤ ለመስማት ግን ፈጥነዋል።

ከዚህ ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው አንድ የራት ግብዣ ነው። በ407 የንጉሡ ልጅ ታናሹ ቂሮስ ወደ ሰርዴስ መጣ፤ ዕድሜው ገና አሥራ ስድስት ወይም አሥራ ሰባት ዓመት ቢሆን ነው። አምስት መቶ መክሊት ይዣለሁ፣ ይህ ባይበቃ የራሴን አወጣለሁ፣ እርሱም ባይበቃ የተቀመጥኩበትን የብርና የወርቅ ዙፋን እቆርጣለሁ አለ። የስፓርታው የባሕር አዛዥ ሊሳንደር ቀዛፊዎቹ በቀን አንድ ድራክማ እንዲከፈላቸው ቢለምነው፣ አባቴ ያዘዘው ሦስት ኦቦል ነው ብሎ እንቢ አለው። (ስድስት ኦቦል አንድ ድራክማ ነው።) ሊሳንደር ዝም አለ። ከራት በኋላ ቂሮስ ጽዋውን አንሥቶ ምን ባደርግልህ ደስ ይልሃል ሲለው፣ ለእያንዳንዱ ቀዛፊ አንድ ኦቦል ብትጨምርልኝ አለው። ጨመረለት። ከአቴና መርከቦች ለአራተኛዋ ኦቦል ሲሉ የሚኮበልሉ ቀዛፊዎች ወደ ሊሳንደር ይጎርፉ ጀመር። አንድ ኦቦል ከአንድ ግራም የማይበልጥ ብር ነው። የአቴና የባሕር ግዛት የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ እኔ ግን ሁልጊዜ የሚታየኝ ያ ጽዋና ያች ሳንቲም ናቸው።

በ405 የአቴና መርከቦች በሄሌስፖንት ዳር ከሞላ ጎደል ሁሉም ተማረኩ፤ በ404 ከተማይቱ ተርባ እጇን ሰጠች። ከወደቡ ጋር የሚያገናኟት ረጃጅም ቅጥሮች ዋሽንት ነፊ ሴቶች እየነፉ በደስታ ፈረሱ፤ ዜኖፎን እንደሚለው ያ ቀን ለግሪክ የነፃነት መጀመሪያ መስሏቸው ነበር።

ነፃነቱ ብዙ አልቆየም። ስፓርታ በአቴና ቦታ ተተካች፤ በየከተማውም የራሷን ሹማምንትና የጦር ሰፈር አስቀመጠች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከትናንት ባለውለታዋ ከፋርስ ጋር ተጣላች፤ በ396 ንጉሧ አጌሲላዎስ ኢዮናውያንን ነፃ አወጣለሁ ብሎ ወደ እስያ ተሻገረ። ሰውየው አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ቁመቱ አጭር፣ ልብሱ ተራ፣ ጦርነት የሚያውቅ ነበር። አገረ ገዥዎቹን እያባረረ ወደ መሐል እስያ ለመግባት ሲያስብ በ394 አንድ መልእክት ከአገሩ ደረሰው፤ ቴብስ፣ አቴና፣ ቆሮንቶስና አርጎስ በስፓርታ ላይ ተነሥተዋልና ቶሎ ተመለስ የሚል። ነገሩ ቀላል ነበር። የፋርስ ሹም ቲሞክራቴስ የተባለ የሮድስ ሰው ሃምሳ መክሊት ብር የሚያወጣ ወርቅ አስይዞ ወደ ግሪክ ከተሞች ልኮት ነበር። ዳሪክ በሚባለው የፋርስ የወርቅ ሳንቲም ላይ ቀስት የያዘ ንጉሥ ተቀርጿል። አጌሲላዎስም ድንኳኑን ሲነቅል፣ ንጉሡ በአሥር ሺህ ቀስተኞች ከእስያ አስወጣኝ አለ ይባላል። ታሪኩን የጻፈው ፕሉታርክ በሌላ ቦታ ቀስተኞቹን ሠላሳ ሺህ ያደርጋቸዋል፤ እንዲህ ያለ ወሬ ሲደጋገም ይራባል።

ቀልዱ ጥሩ ነው፤ ግን የአጌሲላዎስን ወገን ከበደል ነፃ ለማውጣት የተነገረም ይመስለኛል። በ1906 እ.ኤ.አ. በግብፅ አገር ኦክሲሪንከስ በተባለ ቦታ ከቆሻሻ ክምር ውስጥ የወጣ ፓፒሩስ አለ፤ ጸሐፊው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ የዚያን ዘመን ነገር ግን በቅርብ ያውቃል። እርሱ የሚለው ወርቁ ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት እነዚያ ከተሞች ስፓርታን ይጠሏት ነበር ነው። ዜኖፎንም አቴናውያን ከወርቁ ሳይካፈሉ ለጦርነቱ መቸኮላቸውን ይመሰክራል። ወርቁ ያገኘው አስቀድሞ የተከፈተ በር ነው። ቂም ለሌለው ሰው ሃምሳ መክሊት ሰጥተው ወንድሙን አያስወጉትም፤ ቂም ላለው ግን ለስንቅ ይሆነዋል።

በዚያው በ394 ክኒዶስ አጠገብ የስፓርታ መርከቦች በአንድ ቀን ጠፉ። ያጠፋቸው የፋርስ የባሕር ኃይል ሲሆን፣ ከአገረ ገዥው ከፋርናባዙስ ጋር ይመራው የነበረው ኮኖን የሚባል አቴናዊ ነው፤ በ405 ከደረሰው ጥፋት በጥቂት መርከቦች አምልጦ ወደ ቆጵሮስ የሸሸው አዛዥ። በ393 ኮኖን በፋርስ መርከቦች ወደ አቴና ተመልሶ፣ በፋርስ ገንዘብ፣ የፈረሱትን ቅጥሮች እንደገና አሠራ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያንኑ ቅጥር የፋርስ ገንዘብ አፈረሰው፣ የፋርስ ገንዘብ ገነባው።

ስፓርታ ግን ከዚህ ትምህርት ወሰደች፤ አንታልኪዳስ የሚባል ብልጥ መልእክተኛ ወደ ንጉሡ ላከች። የንጉሡ ልብ በዚያን ጊዜ በሌላ ነገር ተይዟል። ዳግማዊ አርጤክስስ ነው፤ ግብፅ ከእጁ ከወጣች ቆይታለች፤ ቆጵሮስም ሸፍታለች፤ አቴና ደግሞ ለሁለቱም ሸፍጠኞች ወዳጅ ሆና ተገኝታለች። ግሪክ ለእርሱ የዳር አገር ጉዳይ ናት፤ የሚፈልገው ጸጥታና ቅጥር ወታደር ነው። ስለዚህ በ387 አገረ ገዥው ቲሪባዙስ የንጉሡን ሰላም ሊሰማ የሚወድ ይምጣ ብሎ አስታወቀ። ሁሉም መጡ። ማኅተሙን አሳያቸውና ደብዳቤውን አነበበ። ንጉሡ ፍትሕ ሆኖ ያገኘው በእስያ ያሉት ከተሞች፣ ከደሴቶችም ክላዞሜኔና ቆጵሮስ የእርሱ እንዲሆኑ ነው፤ የቀሩት የግሪክ ከተሞች ትልቁም ትንሹም ራሳቸውን እንዲያስተዳድሩ፤ ሦስት ትንንሽ ደሴቶች ብቻ እንደ ቀድሞው ለአቴና እንዲሆኑ። ይህን ሰላም የማይቀበለውን ደግሞ ከተቀበሉት ጋር ሆኖ በየብስም በባሕርም፣ በመርከብም በገንዘብም ይወጋዋል።

ይህን ደብዳቤ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ማግባቢያ የለውም፤ ፍርድ ነው። ኢዮናውያን፣ በ499 ያመጹት፣ በ479 ነፃ ወጣችሁ የተባሉት፣ አቴናም ስፓርታም በስማቸው ጦር የሰበቁላቸው ሰዎች፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ንጉሡ ተመለሱ። ለእነርሱ የሚከራከር አልተገኘም። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። የቀሩት ግሪኮች ሁሉ ነፃ ይሁኑ! መቶ ዓመት ሙሉ በፋርስ ላይ ሲነሣ የነበረውን ቃል ንጉሡ ራሱ አነሣው፤ ማንኛውም ከተማ ነፃ ከሆነ ማንም ከማንም ጋር ኅብረት ፈጥሮ ሊያሰጋው አይችልምና። የዚህን ሰላም አስጠባቂነት የወሰደችው ስፓርታ ናት። ስፓርታውያን ሜዶናውያን ሆኑ ብሎ ለተሳለቀ ሰው አጌሲላዎስ ሜዶናውያን ናቸው እንጂ ስፓርታውያን የሆኑት ብሎ መለሰ ይባላል። አስጠባቂዋም ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ382፣ የቴብስን ምሽግ በሰላም ጊዜ ድንገት ያዘች።

ስፓርታን የጣለቻት ይህች ቴብስ ናት። በ371 በሌውክትራ ሜዳ ከሰባት መቶ ስፓርታውያን ዜጎች አራት መቶው ወደቁ፤ የማይደፈር የተባለው ጦር ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ቴብስስ የበላይ ስትሆን ምን አደረገች? በ367 ጀግናዋን ፔሎፒዳስን ወደ ሱሳ ላከች። እዚያ ሲደርስ የአቴናም፣ የሌሎችም ከተሞች መልእክተኞች ተሰብስበው ነበር። ፔሎፒዳስ በንጉሡ ፊት አባቶቻችን በፕላታያ ከአባቶችህ ጎን ተዋግተዋል ብሎ አስታወሰ፤ የመቶ ዓመት ነውር ለቴብስ እንደ መልካም ምስክር ወረቀት ሆነላት። ንጉሡም የቴብስን ፈቃድ የሚፈጽም ደብዳቤ ጻፈ። ከአቴና መልእክተኞች አንዱ ቲማጎራስ ከፔሎፒዳስ ጋር በመመሳጠሩ አገሩ ሲመለስ በሞት ተቀጣ።

ከዚያ ጉባኤ የወደድኩት ሰው ግን ከአርካዲያ የመጣው አንጥዮኮስ ነው። የንጉሡን ስጦታ ሳይቀበል ተመለሰና ለአገሩ ሰዎች ያየውን ተናገረ። ንጉሡ ጋጋሪዎች፣ ወጥ ሠሪዎች፣ ጠጅ ቀጂዎች፣ በረኞች እጅግ ብዙ አሉት፤ ከግሪኮች ጋር ሊዋጋ የሚችል ወንድ ግን ብፈልግ አላገኘሁም አለ። ያ ዝነኛ የወርቅ ዛፉም ለአንድ ፌንጣ እንኳ ጥላ አይበቃም አለ። አብረው የሄዱት መልእክተኞች ሁሉ ይህን ያላዩ አይመስለኝም። ያዩትን አገር ቤት ለመናገር ግን ባዶ እጅ መመለስ ነበረባቸው።

የመቄዶንያው ፊልጶስ የመጣው እንዲህ ባለቀ ቤት ላይ ነው። በ338 በኬሮኔያ አቴናንና ቴብስን አንድ ላይ ድል አደረገ፤ በሁለተኛው ዓመት ሲገደልም ልጁ እስክንድር ተተካ። በ335 ቴብስ ዐመፀች። እስክንድር ከተማይቱን ከብቦ፣ ወደ እኔ የሚመጣ በግሪኮች የጋራ ሰላም ይካፈላል ብሎ አስነገረ። የቴብስ ሰዎች ደግሞ ከፍ ካለ ግንብ ላይ ሆነው፣ ከታላቁ ንጉሥና ከቴብስ ጋር ሆኖ ግሪኮችን ነፃ ለማውጣትና የግሪክን አምባገነን ለማጥፋት የሚወድ ይምጣ ብለው መለሱ። ታላቁ ንጉሥ ማለት የፋርሱ ነው። ከተማይቱ ወደቀች፤ ከስድስት ሺህ በላይ ሞቱ፤ ሠላሳ ሺህ ያህሉ ተማርከው ተሸጡ። ፍርዱን እስክንድር ለግሪክ አጋሮቹ ተወው፤ በቴብስ ስንት ጊዜ የተገፉት የፕላታያና የሌሎቹ ጎረቤት ከተሞች ሰዎች ትፍረስ ብለው ፈረዱ። ከክሶቹ አንዱ ከመቶ አርባ ዓመት በፊት በዘርክሲስ ዘመን ከፋርስ ጋር ወግናለች የሚል ነበር። ፔሎፒዳስ በሱሳ ያቀረበው ምስክር ወረቀት በዚህ ፍርድ ቤት ለሞት አበቃት። ባለቅኔው ፒንዳር የኖረበት ቤት ብቻ እንዳይነካ ታዘዘ።

ቀጥሎ ያለውን ሁሉ ሰው ያውቀዋል፤ እስክንድር ወደ እስያ ተሻገረ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ያ ታላቅ መንግሥት ፈረሰ። በዚያ ዘመቻ ውስጥ ጸሐፊዎች በጥቂት መስመር የሚያልፉት አንድ ነገር አለ። በ333 በኢሶስ ጦርነት የፋርሱ ዳርዮስ ሸሽቶ፣ ወደ ደማስቆ የላከው ንብረትና ሰው ሁሉ ሲማረክ፣ ከምርኮኞቹ መካከል የግሪክ መልእክተኞች ተገኙ። ሁለቱ ከቴብስ፣ አንዱ ከስፓርታ፣ አንዱ ከአቴና ነበሩ። እስክንድር ቴብሳውያኑን ወዲያው ለቀቃቸው፤ አገራቸው ጠፍታ ሳለች የትም ሄደው እርዳታ ቢለምኑ አይፈረድባቸውም ብሎ፤ ከሁለቱም አንዱ በኦሎምፒያ ጨዋታ አሸናፊ ነበርና ስለዚያ አከበረው። ስፓርታዊውን በጥበቃ አቆይቶ በኋላ ለቀቀው። አቴናዊው ኢፊክራቴስ የታላቅ ጦር አዛዥ ልጅ ነበር፤ እስክንድርም ስለ አቴና ወዳጅነትና ስለ አባቱ ዝና ብሎ በክብር ከራሱ ጋር አኖረው። በሕመም በሞተም ጊዜ አጥንቱን ለዘመዶቹ ወደ አቴና ላከላቸው።